የዶራሳሚ ጆሮ

በእኛ በሕንዶቹ ሠፈር በሌኔዥያ ውስጥ አሮጌ ትንሽ መኪና ገዝቶ ከተሠራችበት በላይ ጉልበት ካላወጣች ሞቼ እገኛለሁ የሚል ወንድ ሁሉ መጨረሻው የአባቴ የዶራሳሚ ጋራዥ በር ላይ ነው። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ የሚላጭ ሌላም ቦታ አለ፤ ካርቡራተር የሚደርብ፣ ማርሚታ የሚያጥፍ በየመንገዱ ሞልቷል። የዶራሳሚ ጆሮ ግን አንድ ነው፤ ሰው ወረፋ የሚይዘው ለእሱ ነው።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሞተር ጉልበት እንዲጨምር ከፈለግህ የካንዴላው ብልጭታ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲመታ ታደርጋለህ። ቀደም ባለ ቁጥር ሞተሩ ይበረታል። ከልኩ ካለፈ ግን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን አናቱ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሽንብራ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጣል። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከማርሚታው ጩኸት ስር ተደብቆ ነው የሚመጣው። አባቴ ያንን ድምፅ ከማንም ቀድመው ይሰሙታል። የብልጭታ ማከፋፈያውን በሁለት ጣት ይዘው እስኪንጣጣ ወደፊት፣ ዝም እስኪል ደግሞ ፀጉር ያህል ወደኋላ ያዞሩታል። ከዚያ "በቃ፣ እሰሪው" ይላሉ። እኔ ቡሎኑን አስራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡሎን አስሬያለሁ።

ኮጊ እባላለሁ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የብረት መላጫው ማሽን፣ ፍሬዛው፣ የእኔ ነው፤ ማለቴ ቴስታታ የምላጨው፣ የቫልቭ መቀመጫ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ፕሬጋ ይነዳል፣ ያወራል፣ ሴቶችን ያስቃል። አባታችንን "አፓ" ነው የምንላቸው። አፓ ሰባ አራት ሞልቷቸዋል፤ ጋራዡን ለማን ነው የሚተዉት ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ለሚሰማው ልጄ"። ፕሬጋ ቢጮሁበትም አይሰማም፤ ራሱም አይደብቀውም። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ለፋሲካ፣ ለመጪው ፋሲካ እያሉ አራት ዓመት አቆዩኝ። ዘንድሮ ግን በገዛ አንደበታቸው፣ ፕሬጋ ባለበት ተናገሩት፤ "የፕሬጋ ዳትሰን ደርባን ተወዳድራ ስትመለስ ማከፋፈያውን አንቺ ትይዣለሽ። እኔ ቡሎን አስራለሁ።" ወደ ኋላ ጓሮ ሄጄ የቧንቧ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። በሕይወቴ የፈለግሁት ያንን ብቻ ነበር። ባል ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ መልሼም ሸኝቼዋለሁ፤ ይህኛውን ግን ከልቤ ነበር የፈለግሁት።

አንድ ችግር ነበር። አፓ ጆሯቸው ሄዷል።

ሙሉ በሙሉ አይደለም። የቤተ መቅደሱን ከበሮ ይሰማሉ፤ ነጎድጓድ ይሰማሉ፤ የፕሬጋን ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ። ስልክ ሲጮህ፣ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ፣ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ግን አይሰሙም። ሃምሳ ዓመት ብረት ሲፈጩ ኖረው ቀጭን ድምፅ ሁሉ ጥሏቸው ሄደ። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ደፍራ "ጆሮህን ሐኪም ይየው" አለቻቸው። ጋራዡን ዘጉት። ዘጠኝ ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሞተር እያስነሱ ሲያጠፉ፣ እያስነሱ ሲያጠፉ ዋሉ፤ እህልም በግድ ነበር የሚቀምሱት። በአሥረኛው ቀን ወጥተው በሩን ከፈቱ፤ እኛም ነገሩን እንዳልተባለ አደረግነው።

ታዲያ ሞተር እንዴት ያስተካክላሉ አትሉም? እኔ ነኛ። እሳቸው "በቃ፣ እሰሪው" ሲሉ፣ ቡሎኑን እያጠበቅሁ በአውራ ጣቴ ማከፋፈያውን ድምፁ እስኪጠፋ ወደኋላ እገፋዋለሁ። አያዩኝም፤ ያን ጊዜ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ለባለ መኪናው ያወራሉ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖርን። ሰዉ "ወይ የዶራሳሚ ጆሮ!" እያለ ሲሄድ እኔ ቁልፌን አስቀምጣለሁ። ደግሞም ሌኔዥያ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር አፍኖ አይጎርስም፣ በቀላሉም አይንጣጣም። ብዙውን ጊዜ ስህተታቸው ስህተት ሳይሆን ያልፋል። ባሕር ዳርቻ ስትወርድ ግን አየሩ ወፍራም ነው፤ እዚህ እንደ በግ የነበረ ሞተር እዚያ አንበሳ ይሆናል። በልኩ ካልያዝከውም ራሱን ይበላል።

ዳትሰኗ የፕሬጋ ናት፤ ባለ አንድ ሺህ ሁለት መቶዋ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ። ከፋብሪካ ስትወጣ ስልሳ ስምንት የፈረስ ጉልበት ነበራት። ክረምቱን ሙሉ እኔና አፓ ላይዋ ላይ ዋልን። ቴስታታዋን ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ላጨሁት፤ የአየር መግቢያዋን በእጄ እያፋቅሁ አሰፋሁት፤ ሁለት ድርብ ካርቡራተር አስገባንላት። ራጄን የሚባል፣ ድሮ አፓ ዘንድ ተቀጥሮ የሠራ፣ አሁን ሁለት መንገድ አልፎ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሰው አለ፤ መኪና ቆማ እየሮጠች ጉልበቷ የሚመዘንበት ባለ ኮምፒውተር ማሽን አስመጥቷል። ፕሬጋ "እዚያ ላይ ብትወጣ መቶ አሥር የፈረስ ጉልበት ትመዝን ነበር" ይላል። አፓ ግን "መኪናዬ ድንች ናት እንዴ የምትመዘነው?" ብለው አፉን አዘጉት።

ፋሲካ የክርስቲያኖቹ ነው፤ ዕረፍቱ ግን የሁላችን ነው፤ ሌኔዥያ በሙሉ ነቅሎ ደርባን ይወርዳል። እኛም በስቅለት ዕለት ጎሕ ሲቀድ ወጣን። መኪናዋ ትጎተት ብንል አፓ "እግር አላት" አሉ። ፕሬጋ መሪ ላይ፣ አፓ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከጎማና ከዕቃ ሣጥን ጋር ተጣጥፌ፣ ድንች የተጠቀለለበት የሮቲ ቂጣ እያደልኳቸው ወረድን። ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን የቫን ሪነንን ቁልቁለት ስናልፍ ሞተሯ ድምፅዋን ስትለውጥ ሰማሁ፤ ወፍራሙን አየር ጠገበች። ፕሬጋ በመስታወቱ አየኝና በቅንድቡ "ሰማሽ?" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ደርባን በገባን ቁጥር የማይቀር ሥራ አለን። የአፓ እህት፣ አቴ የምንላት፣ ቻትስዎርዝ የሚባል ሠፈር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከቤቷ በላይ ረጅም ዳገት አለ። እዚያ ዳገት ላይ ፕሬጋ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ አፓ የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ከሞተሩ በኩል ያለው ብረት ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ያዳምጣሉ። ከዚያ ቆመን ማከፋፈያውን ለባሕሩ አየር ያስተካክላሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የተሠራው።

ፕሬጋ ረገጠው። ገና ከታች ጀምሮ ተንጣጣች። እኔ ከኋላ ወንበር፣ ጎማ አቅፌ፣ እንዲያ ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት። ፕሬጋ እንኳ ሰማው፤ አንገቱ ሲደነድን አየሁት። አፓ ዓይናቸውን ጨፍነው ካቻቪቴውን ይዘው ፈገግ አሉ።

"ወተት ናት" አሉ። "ወተት! ስሙልኝ እስቲ። ገና ቦታ አላት። አቁማት።"

ኮፈኖውን ከፈትን። ወደኋላ መመለስ የነበረበትን ወደፊት አዞሩት። እንደገና ወጣን፤ አሁንማ ሽንብራው በእፍኝ ሳይሆን በቁና ነበር የሚቆላው። ዳር ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ዘወር ብላ አየችን።

"አፓ" አለ ፕሬጋ፣ "ትንሽ... ከበዳት መሰለኝ።"

"ምኗ?"

"እኔ እንጃ። ዳገቱ ይሆናል።"

"ዳገቱማ ዳገት ነው፤ ምን ሊሆን ፈለግህ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ኮጊ፣ አንቺስ? ነገ የምትረከቢው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

ይኸው፣ የጠበቅሁት ጥያቄ። አራት ዓመት የጠበቅሁት። "ትንጣጣለች አፓ" ማለት ብቻ ነበር፤ ሁለት ቃል። ግን ፊታቸውን አየሁት፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሳያቸው እናቴ ከሞተች ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"ትንሽ ወደኋላ ብትመለስ አይከፋም" አልኩ። "ለማንኛውም።"

"ለማንኛውም ማለት ምንድን ነው? ሰምተሽ ነው ፈርተሽ?"

"ፈርቼ" አልኩ።

"የፈራ ሰው ሞተር አይነካም። ነይ፣ እሰሪው።"

ቁልፌን ይዤ ጎንበስ አልኩ። በአውራ ጣቴ ልገፋው ነበር፤ የለመድኩት ነው፤ እንዲያውም ለባሕሩ አየር ምን ያህል እንደሚበቃው በልቤ ለክቼዋለሁ። አፓ ግን ያን ቀን የሚያወሩለት ሰው አልነበራቸውም። ጣታቸውን ከማከፋፈያው ላይ ሳያነሱ አሳሰሩኝ፤ ከዚያ መርፌ አውጥተው ከማከፋፈያው እስከ ሞተሩ አካል ቀጭን መስመር ጫሩበት። "ያለፈው ዓመት አንዱ ነክቶብኝ ነበር" አሉ። "ዘንድሮ የነካ ይታወቃል።" የነካሁት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አፓ ገላቸውን ሲታጠቡ ተደብቄ ግቢ ወጣሁ፤ ቡሎኑን አላልቼ ማከፋፈያውን ወደኋላ መለስኩት። ከመስመሩ ላይ ሁለት ዲግሪ ያህል ነው የተዛነፈው፤ ሰው ልብ የሚለው አይደለም። እሳቸው ግን ዓይናቸው ገና የወጣት ነው። ፀጉራቸው ሳይደርቅ ኮፈኖውን ከፍተው "ማነው!" ብለው ሲጮሁ አቴ የያዘችውን ሳህን ጣለች።

"ማነው የነካው? ፕሬጋ!"

"እኔ አይደለሁም አፓ።"

"አንተማ የት ታውቀውና። ራጄን ነው። የራጄን ልጆች ናቸው፤ ትናንት እዚህ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌባ ሆኖ አረፈው!"

ሰውየው ምን አደረገ? ምንም። እኔ እዚያው ቆሜ ሲሰድቡት ሰማሁ። አፓ ማከፋፈያውን ወደ መስመሩ መልሰው፣ ራሳቸው አስረው፣ ወንበር አስመጥተው መኪናዋ ፊት ተቀመጡ። እስክንወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም፤ ቁርሳቸውንም እዚያው በሉ።

ሁለት ሁለት መኪና አራት መቶ ሜትር በቀጥታ የሚሮጥበት ውድድር ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን በማያርፍበት አሮጌ ማረፊያ ላይ ነበር። ሌኔዥያ እዚያ ነው ያለው፤ ጎረቤቶቻችን፣ ደንበኞቻችን፣ ለሠርጌ ያበሰሉ ሴቶች ሁሉ። አፓ እንደ ልማዳችን ለበረከት ካምፎር አቃጥለው መኪናዋን ሦስቴ ዞሯት፤ ከአራቱ ጎማ ስር ሎሚ አደረጉ፤ ፕሬጋ ነድቶ ጨፈለቃቸው። ከዚያ ሞተሩን ሊያሞቅ ቤንዚኑን ረገጥ ሲያደርገው ተንጣጣች፤ ቆማ እንኳ ተንጣጣች። ኮፈኖ ስር ያሉ ራሶች አንድ በአንድ ቀና ሲሉ አየሁ። ወጥ የተሞላበት ግማሽ ዳቦ የያዘ ሰው መጉረሱን ትቶ ቆመ። አርባ ሰው ይሆናል፤ ሁሉም ሰማ። ሁሉም ወደ አፓ አየ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን መለሰ።

ራጄን መጣ። ከአፓ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

"ኮጊ፣ ይቺ መኪና ልትሞት ነው። አትሰሚም?"

"እሰማለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ንገራቸዋ። አንተም አፍ አለህ።"

"እኔ? ጠዋት ሌባ ብለውኛል አሉ። ቀናህ ነው የሚሉኝ።"

"እኔንስ ምን የሚሉኝ ይመስልሃል?"

"አንቺ ልጃቸው ነሽ።"

"አይደል? ስለዚህ ነው የማልችለው።"

ራሱን አከከ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደ አፓ ሄደና ሁለት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ አለላቸው፤ ጆሯቸው ስር ጮክ ብሎ "አንክል፣ ኃይለኛ መኪና ነው የሠሩት!" አላቸው። አፓ አፍንጫቸውን ነፍተው "ኮምፒውተር የለውም" አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የቀረኝ ፕሬጋ ነበር። መስኮቱ ላይ ተደገፍኩ።

"ሦስተኛ ስትገባ እግርህን አንሳ።"

"አካ" አለኝ፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። "አፓ መስመሩ ዳር ቆመው እያዩኝ እግሬን ላንሳ?"

"አዎ።"

"ከዚያ 'ምን ሆነህ ነው' ሲሉኝ ምን ልበል? ንገሪኝ፣ የምለውን ንገሪኝና አነሳለሁ።"

መስኮቱን ለቅቄ ራቅ አልኩ። እውነቱን እላለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ከወንድሜ ይልቅ የጠላሁት ራሴን ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። በአሥራ አራት ሰከንድ ተኩል ገባ፤ ያቺ መኪና በዕድሜዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። አፓ ኮፍያቸውን አውልቀው ወረወሩ። የሠፈሩ ሰው ትከሻቸውን ይመታል፤ አንዱ ሽማግሌ "የዶራሳሚ ጆሮ!" ብሎ ጮኸ፤ እሳቸው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው አለቀሱ። እኔም ለአፍታ፣ እንደ ሞኝ፣ ምናልባት ትችል ይሆናል አልኩ። ብረት ነው፤ ብረት አንዳንዴ ይታገሣል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ፣ አራተኛ ማርሽ እንደገባ፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ አንድ ነገር ቋ አለ፤ ይኼኛውን አፓም ሰሙት። ፕሬጋ ፍሪሲዮን ረግጦ ዳር አወጣት። ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ኮፈኖውን እንኳ አልከፈተም።

ገፍተን የሰው ፒካፕ ላይ ጫንናት። ራጄን ከእኛ ጋር ገፋ፤ አፓም አልከለከሉትም።

ከሰዓት በኋላ በአቴ ግቢ፣ ከዶሮዎቹ መሐል፣ ቴስታታውን አወረድኩት። አፓ አጠገቤ ተንበርክከው ቁልፍ ያቀብሉኛል፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ቴስታታውን ሳነሳ ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ላይ ተበስቷል፤ ጣት ያስገባል። እሱን ግን ብዙም አላዩትም። ያልተበሱትን ነው ያዩት። በአውራ ጣታቸው የአንዱን ጠርዝ ዳሰሱ፤ ጠርዙ ሁሉ አይጥ እንደበላው ዳቦ ተሸራርፏል፤ አናቱ በትናንሽ ጉድጓድ ተነቅሷል። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አገላበጧቸው፤ ጫፋቸው ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ አሸዋ ተለጥፏል። ጆሮ ቢዋሽ ብረት አይዋሽም፤ ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ይኼ የአንድ ዙር አይደለም" አሉ።

ቁልፌን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ይኼ ከዳገቱ ጀምሮ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስትጮህ ነበር።" ካንዴላውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። "ሰምተሽ ነበር?"

ከዚያ በኋላ ይህችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ። ሰምቻለሁ ብል፣ እርስዎ ደንቁረዋል ማለቴ ነው። እየሰማሁ መኪናዋን አስገደልኳት ማለቴ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የተመሰገኑበት ሥራ የእኔ አውራ ጣት ነው ማለቴ ነው። ጠዋት የመላ ሠፈሩ ሰው ሲሰማ እርስዎ ብቻ አልሰሙም ማለቴ ነው። ወደ ፕሬጋ አየሁ፤ ፕሬጋ ዶሮዎቹን ያያል።

"አልሰማሁም አፓ።"

"ዳገቱ ላይ?"

"አልሰማሁም።"

"ዛሬ ጠዋትም?"

"አልሰማሁም።"

ካንዴላውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። የዘጠኙ ቀን ዝምታ ሊመጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አልመጣም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

"እኔ አርጅቻለሁ" አሉ። "ቀጭን ነገር አይሰማኝም፤ ታውቂያለሽ፣ እናትሽም ታውቅ ነበር። ስለዚህ ነው ሁሌ አንቺን የምጠይቅሽ። ዳገቱ ላይ የጠየቅሁሽ ስለዚህ ነበር። እኔ ባልሰማ ኮጊ ትሰማለች ብዬ ነው ያዞርኩትን ያሳሰርኩሽ።"

"አፓ" አልኩ፤ "እኔ እኮ..."

እጃቸውን አነሱ።

"ተይ። አሁን ሰምቼ ነበር ብትይኝ አዝነሽልኝ ነው የምለው። ሦስቴ ጠየቅሁሽ፤ ሦስቴ መለስሽልኝ። ጥፋት አይደለም። ጆሮ ማለት ተሰጥኦ ነው፤ ለአንዱ ይሰጠዋል፣ ለአንዱ አይሰጠውም።" ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ።

ፕሬጋን ያን ቀን ልገለው ምንም አልቀረኝም ነበር። "ለምን ዝም አልክ?" ስለው "አንቺ ዝም ስላልሽ" አለኝ። በመንገድ ስንመለስ፣ እቤት ከገባንም በኋላ፣ ለአፓ እውነቱን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ስለ አውራ ጣቴ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና "እናትሽም እንዲህ ነበረች፣ ሰው ሲያዝን ማየት አትችልም" አሉ። እውነቱ በእጄ ላይ ነበር፤ የሚቀበለኝ ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ራጄንን በሰው አስጠሩት። ጋራዡ ውስጥ ቆመን ነበር፤ እኔ ፍሬዛው አጠገብ፣ ፕሬጋ በሩ ላይ።

"የፍሬዛ ማሽኑን ውሰደው" አሉት አፓ። "የሚሰማ ሰው የሌለው ጋራዥ ምን ይሠራልኛል? ደንበኛውንም እልክልሃለሁ። የአንተ ኮምፒውተር ይሰማ፤ ምን ላድርግ።"

ራጄን ደነገጠ። "አንክል፣ ኮጊስ? ኮጊ እያለች..."

"ስለ ኮጊ ልነግርህ ነው የጠራሁህ። ከማሽኑ ጋር ውሰዳት። እጇ ወርቅ ነው፤ እንደሷ ቴስታታ የሚላጭ እስከ ደርባን አታገኝም። ፍሬዛው ላይ አስቀምጣት።" ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መሰላቸው፤ ግን ያው ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት። "ማከፋፈያ ግን እንዳታስነካት። ጆሮ የላትም።"

ራጄን ወደ እኔ ዞረ። እዚያ ማረፊያው ላይ "እሰማለሁ" ያልኩት እሱን ነው። አፉ ሲከፈት አየሁ፤ ሊናገር ነበር፤ ይህ ደግ ሰው አሁን ደፍሮ ሊናገር ነበር። አፓ ደግሞ በዚያ ጥርት ባለ ዓይናቸው እያዩን ነበር፤ ልጃቸውን ለሰው ሲያስረክቡ እንደ ማንኛውም አባት ትንሽ ፈራ ብለው። ራጄን ቢነግራቸው፣ ቢያምኑትም ባያምኑትም የሚሰበሩት እሳቸው ናቸው።

"ልክ ናቸው" አልኩት፣ ቃል ሳይወጣው። "ሰኞ በስንት ሰዓት ልግባ?"